አባቱ እዚህ የተወለደ

እሑድ፣ መስከረም 11

እኔን የሚያስቀር ደንብ እኔው ልጽፍ ነው። ሌላ ጸሐፊ ጠፍቶ!

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሽ ሳህሌ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ናቸው፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይሸጣሉ። “ቲቸር፣ የዕድሩ ደንብ አርጅቷል። ለመስቀል ልጆቻችን ሁሉ ስለሚገቡ፣ በማግስቱ እሑድ ተሰብስበን ልናጸድቅ ነው። አንቺ አማርኛሽ ያምራል፤ ወግ ባለው ቃል አስቀምጪልን” አሉኝ። ምኑ ነው የሚለወጠው ብዬ ብጠይቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ሰው በዛ፣ ልጄ። ድንኳኑን የገዛነው እኛ፣ ወንበሩን የገዛነው እኛ። ዛሬ ከየትም መጥቶ ቤት የተከራየ ሁሉ ልግባ ይላል። ከእንግዲህ አዲስ አባል የሚሆነው እዚህ አገር የተወለደ ወይም ቋንቋችንን የሚናገር ብቻ ነው።”

“እኔስ? ካመለከትኩ ዓመት አለፈኝ እኮ።”

“አይ፣ አንቺማ… ላንቺ መላ አይጠፋም።”

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ገቡ። መላ አይጠፋም የተባልኩበት ነገር ሁሉ መላው ሲጠፋ ነው የማውቀው።

የተወለድኩት ጅማ ነው። አባዬ ቸሃ ተወልዶ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ ወጥቶ፣ ጅማ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ፤ እኔንም እዚያው አሳደገ። እዚያ “የጉራጌ ልጅ” ነበርኩ። እዚህ ወልቂጤ ደግሞ “የጅማ ልጅ” ነኝ። የትም ብሄድ የሌላ ቦታ ልጅ ነኝ። እማዬ ከሞተች በኋላ አባዬን የመርሳት በሽታ ያዘው። “አገሬ ውሰጂኝ” አለኝ። ዝውውር ጠይቄ አመጣሁት። እዚህ ከገባን ወዲህ መጀመሪያ ኦሮምኛው ጠፋው፤ ዕድሜ ልኩን የነገደበት ቋንቋ! ቀጥሎ አማርኛው ሄደ። የቀረው የእናቱ ቋንቋ፣ ለእኔ ያላስተማረኝ ጉራጊኛ ብቻ ነው። አንድ ጣራ ሥር እየኖርን የምንነጋገርበት የለንም።

ዕድሩን የምፈልገው ለእሱ ነው። ቢሞትብኝ ማን ድንኳን ይተክላል? ማን ይሸከመዋል? ዘመዶቹ አልቀዋል፣ የቀሩትም የት እንዳሉ አላውቅም። ሬሳውን ይዤ ብቻዬን በር ላይ ስቆም ይታየኛል። ፈራሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ሰኞ፣ መስከረም 12

አሥራ አንደኛ ክፍል ታሪክ ላስተምር ገባሁ። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ። መጽሐፉ ላይ ሁለት መስመር ናት፤ እኔ ግን ጉዳዬ ነው መሰለኝ ሰፋ አደረግኋት።

ቻይናዎቹ ተራራ እየፈነቀሉ የባቡር ሐዲድ ዘረጉላቸው አልኩ። ሐዲዱ አለቀ። ሥራ ቀዘቀዘ። ያኔ “በዛችሁብን፣ አትመስሉንም፣ እንጀራችንን ወሰዳችሁ” ተባሉ። ወሬው ስድብ ሆነ፣ ስድቡ ሰልፍ ሆነ፣ ሰልፉ ሕግ ሆነ፤ የቻይና የጉልበት ሠራተኛ ከእንግዲህ አይግባ የሚል ሕግ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ ይውጡ ብለው የጮኹት እነማን ናቸው?”

“ብዙዎቹ ራሳቸው ሠራተኞች ናቸው። ከአየርላንድ የመጡም ብዙ አሉባቸው።”

“እነሱስ በምን መጡ?”

“በመርከብ።”

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም አልቀረሁም። “ቀድሞ የገባ ሰው በሩን ራሱ የሠራው ይመስለዋል” አልኳቸው። ጻፉት። በራሴ ንግግር ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ስመለስ አባዬና ከድጃ ደጃፍ ተቀምጠው ሲስቁ ደረስኩ። ከድጃ በራችን ላይ በርበሬና ሚጥሚጣ ትሸጣለች። የቡታጅራ ሴት ናት፤ የመስቃን። ባሏ የዚህ አገር ሰው ስለነበር ቋንቋቸውን ከእነሱ እኩል ትናገራለች። እኔ ሳስተምር አባዬን ዓይኗን የምትጥልበት እሷ ናት፤ ምሳውን የምታቀርብለት፣ አብራው የምትበላው። “ምን ብሎሽ ነው?” ስላት ትተረጉምልኛለች። የገዛ አባቴን ወሬ በሌላ ሰው አፍ እሰማለሁ። እቀናለሁ፤ ልዋሽ አልችልም። ከእኔ ጋ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

እሷም እንደኔ አመልካች ናት። ባሏ ሲሞት ሐዘኑ ከብዷት ቡታጅራ እህቷ ጋ ሄዳ ቆየች፤ ስትመለስ ከዕድሩ ተሰርዛለች። ልጅ የላትም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

እሰይ! እሰይ!

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጋሽ ሳህሌ ቤት ሄድኩ። የልጅ ልጃቸው ሜሮን ከአዲስ አበባ ገብታለች፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ሥራ የያዘች ልጅ ናት። ተቀመጥን። ጋሽ ሳህሌ ይናገራሉ፣ እኔ አሳምራለሁ። አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት፣ ሰላም። አንቀጽ ሦስት ላይ፣ “እዚህ አገር የተወለደ ወይም ቋንቋውን የሚናገር”። እዚህ ማለት ምን ማለት ነው አልኳቸው። “ሰባት ቤት ጉራጌ ነዋ፤ እነ ቸሃ!” አሉኝ፤ እንዴት ይጠየቃል ዓይነት።

መሃል ላይ ሜሮንን በጉራጊኛ አንድ ነገር አሏት። “አባባ፣ በናትህ በአማርኛ! ‘ደህና ነሽ’ ከሚለው ውጪ እኮ ዜሮ ነኝ” አለችና ሳቀች።

እኔ ብዕሬን አስቀመጥኩ። “ጋሽ ሳህሌ፣ ሜሮን አባል መሆን አትችልም።”

“ምን?”

“እዚህ አልተወለደችም። ቋንቋውንም አትናገርም። ልጆችዎ አዲስ አበባ ናቸው፤ ነገ የእርስዎን ቦታ ማን ይይዛል?”

“የኛ ናቸው እኮ! ይታወቃል!”

“‘ይታወቃል’ የሚል አንቀጽ ልጻፍ?”

ሜሮን ሶፋው ላይ ወደቀች በሳቅ። ጋሽ ሳህሌ አልሳቁም። ልጁን ያላሰደደ ቤት በዚህ ሰፈር የት አለ? አዲስ አበባ፣ አዋሳ፣ አዳማ፣ ሱቅ ባለበት ሁሉ የእነሱ ልጅ አለ። ዘሩን ሁሉ በየአገሩ የበተነ ሰው ተሰብስቦ “እዚህ ያልተወለደ አይግባ” ይላል! ይኼን ስህተት ከእኛ በቀር የሚሳሳተው የለም። (እኛ አልኩ። አይ እኔ!)

ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ “ቋንቋውን አውጪው። ‘እዚህ የተወለደ፣ ወይም አባቱ እዚህ የተወለደ’ በይ” አሉ።

አባቱ እዚህ የተወለደ። እኔ ነኝ እኮ! ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ቶሎ ጻፍኩት። ቀና ስል እያዩኝ ነው፤ ገብቷቸዋል። “አባትሽ ከቸሃ የቱ ጋ ነው?” አሉኝ። አፍሬ ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። አላውቅም። ቸሃ ከማለት ሌላ ነግሮኝ አያውቅም። “እንግዲህ የሚያውቀው ሰው መገኘት አለበት” አሉ።

ቢሆንም በሩ ገርበብ ብሏል። ዛሬ እራት በላሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ትምህርት የለም፤ ከተማው መስቀል ሆኗል። የአዲስ አበባ ታርጋ መኪና መንገዱን ሞልቶታል። በየደጁ መተቃቀፍ፣ ጩኸት፣ “አንተ ወፈርክ!”፣ “አንቺ ከሳሽ!”። እኔን የሚያቅፈኝ ስለሌለ በጎን በጎን አልፌ ቅቤ ገዝቼ ተመለስኩ።

ለከድጃ ነገርኳት። “አልሐምዱሊላህ!” ብላ አቀፈችኝ። በርበሬ ሸተተችኝ፤ አስነጠሰኝ፤ ተሳሳቅን።

“ቋንቋውስ?” አለችኝ ቀጥላ።

“ወጣ። እኔ ነኝ ያስወጣሁት።”

“ወጣ?” በርበሬ መስፈሪያዋን ይዛ ትንሽ ቆየች። “ይሁን። ላንቺ ጥሩ ነው።”

ከዚያ ገብታ አባዬ አጠገብ ተቀመጠች። ብዙ አወሩ። እጁን ያወናጭፋል፣ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይቆጣል፣ ትስቃለች። ስትወጣ ሁሉን ይዛ ወጣች። የመንደሩን ስም፤ ቤታቸው ከጀፎረው፣ ከሰፊው የመንደር መንገድ ዳር እንደነበር፤ ጎረቤታቸው ነጭ በቅሎ የነበረው ሰው እንደነበር። “ሳህሌ ያንን አካባቢ ያውቃል። ቆይ፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ” አለችና ዕቃዋን ለእኔ ትታ ሄደች። እኔ በርበሬ ስሸጥ አመሸሁ። ለሁሉም አብዝቼ ሰፈርኩ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ማድረግ ያለብኝ፦ ቆጮ መግዛት። የአባዬን ነጭ ጋቢ ማጠብ። ደንቡን መገልበጥ። ቀጣዩን ትምህርት ማዘጋጀት።

ትምህርቱን አዘጋጀሁ፤ ባላዘጋጀሁት ይሻለኝ ነበር። አሜሪካኖቹ ቻይናዎቹን ከዘጉ በኋላ አላቆሙም። ማንበብ የማይችል አይግባ አሉ። አልበቃቸውም፤ የተማረም መጣባቸው። ቀጥሎ ለየአገሩ ኮታ ሠሩ። ኮታውን የሚያሰሉት ደግሞ በቅርቡ ቆጠራ አይደለም፤ ሆን ብለው ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ጣሊያኑም ይሁዲውም ገና ጥቂት በነበረበት ዘመን ቆጠራ ነው። ማንንም በስሙ ሳይሰድቡ፣ የሚፈልጉትን አስገብተው የማይፈልጉትን አስቀሩ። የጨዋ ጽሑፍ ነው። ስድብ የለበትም።

የእኔም አንቀጽ ሦስት ስድብ የለበትም። እንዴት ያለ አማርኛ!

ከድጃ የተወለደችው መስቃን ነው። አባቷም መስቃን። መስቃን ደግሞ ከሰባት ቤት አይቆጠርም። የነበራት ቋንቋው ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ እኔ አስወጣሁት።

ትናንት መስፈሪያዋን ይዛ የቆመችው ለዚህ ነው። ያኔውኑ ገብቷታል። ገብቷት ሳለ ስለ አባቴ ልትመሰክር ሄደች። እኔ ደግሞ ቲቸር ነኝ።

እናገራለሁ። ነገ ጋሽ ሳህሌን አነጋግራለሁ።

ዓርብ፣ መስከረም 16

ደመራ። ጋሽ ሳህሌ ራሳቸው አባዬን ሊያዩ መጡ። በጉራጊኛ ሰላም ሲሉት አባዬ ከመቀመጫው ተነሣ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ስለ ነጩ በቅሎ መሰለኝ፣ ጋሽ ሳህሌ በቅሎው ሲራገጥ እያሳዩት ሳቁ፤ አባዬም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ጥግ ቆሜ፣ ሰው ሲስቅ እንደሚስቅ እንግዳ ሳቅሁ።

ሲወጡ፣ “አባትሽ የኛ ነው። የአባቱን ቤት አውቀዋለሁ፤ እኔ እመሰክራለሁ” አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ተደፋፍሬ፣ “ከድጃስ?” አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። “ለአንድ በከፈትን ቁጥር ሁሉን ልናስገባ ነው? አንቺ መጀመሪያ ግቢ። ከገባሽ በኋላ ስለ እሷ እንነጋገራለን።”

ራሴን ነቀነቅኩ። እሺ ማለቴ ነበር።

ምሽት ላይ ችቦው ሲበራ አባዬን ደጅ አወጣሁት። የሰፈሩ ሰው ይዘፍናል። አባዬም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

መስቀል። ከጋሽ ሳህሌ ቤት ክትፎ በጣባ ተላከልን፤ ለጽሑፉ ውለታ መሆኑ ነው። ሁለታችን ምን ያህል እንበላለን? የጎረቤት ጫጫታ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። አባዬን አጎረስኩት፣ እሱም አጎረሰኝ፤ በበዓል ቀን አንድም ቃል ሳንለዋወጥ በላን።

ከድጃ ልብሷን ለውጣ መጣች። “እንኳን አደረሳችሁ!” ሚጥሚጣ ይዛልናለች። ሥጋችንን ስለማትበላ ጎመንና አይብ ለብቻ አቀረብኩላት። ከአባዬ ጋ ሲጫወቱ ዋሉ፤ ቤቱ ቤት መሰለ።

ጋሽ ሳህሌ ያሉኝን አልነገርኳት። እሷም አልጠየቀችኝም።

እሑድ፣ መስከረም 18

አጠገቤ ወንድና ሴቱ፣ የአዲስ አበባው ልጅ፣ ሽማግሌው፤ ድንኳኑ ጢም ብሏል። ያ ድንኳን! ደንቡን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ሦስት ላይ ድምፄ ሲያንስ፣ “ጮክ በይ” አሉኝ ከኋላ። ጮክ አልኩ።

ከድጃ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። በጉራጊኛ ነው የተናገረችው። ረጅም ነበር። አዛውንቶቹ አንገታቸውን ደፉ። የአዲስ አበባዎቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ሜሮን “ምን እያለች ነው?” አለችኝ። ለእኔም የምትተረጉምልኝ ሌላ ሴትዮ ነበረች። “እዚህ ተዳርኩ፤ ባሌን እዚህ ቀበርኩ፤ ከእናንተ ጋ አልቅሼ፣ ለእናንተ ጎመን ከትፌ ኖርኩ፤ አሁን የምናገረው እዚህ ካለው ሰው ለግማሹ አይገባውም፤ እኔ በየትኛው አንቀጽ ነኝ?”

አባልነት ተፈቅዶለት እሷ ያለችው ያልገባው ሰው ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ነበር። እኔ አንዷ ነኝ።

ጋሽ ሳህሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እህቴ፣ እኛ አንቺን ጠልተን አይደለም። ደንብ ነው” አሉ፤ በአማርኛ። ቀጥለውም፣ “የሚደግፍ እጁን ያውጣ።”

ድንኳን ሙሉ እጅ ወጣ።

ገና አባል ሳልሆን የእኔም ወጣ። አባዬን አሰብኩ። በር ላይ ብቻዬን መቆሜን አሰብኩ። ያለ እኔም እጅ ማለፉ አይቀርም ነበር፤ ይኼን እየጻፍኩ ራሱ ያሳፍረኛል። ከድጃ ዳኛውን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

ጋሽ ሳህሌ ስለ አባዬ መሰከሩ፤ ስሜ መዝገቡ ላይ ሰፈረ፤ አጨበጨቡልኝ። “እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ!” አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ሳሙኝ። ይኼን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ!

ቤት ስገባ የከድጃ ቦታ ባዶ ነው። ጆንያዋም የለም። አባዬ ደጃፍ ቆሞ ወደ በሩ እያመለከተ አንድ ነገር ይለኛል። አልገባኝም። ደገመው። በእጁ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ሳህኑ። ሦስተኛ ሲለው ተቆጣ። “አባዬ፣ አልገባኝም፣ ይቅር በለኝ” ብዬ አለቀስኩ። የምለው ለእሱ አልገባውም። የሚያወጣውን ድምፅ እንዳለ በፊደል ጻፍኩት፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ሰኞ፣ መስከረም 19

ከድጃ ዛሬም ዕቃዋን አላወጣችም። ወደ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፈተች፤ ግቢ አላለችኝም።

“እጄን አወጣሁ” አልኳት።

“አየሁሽ።”

“አባዬን አስቤ ነው።”

“አውቃለሁ። እኔ ብሆንም አወጣ ነበር ይሆናል። ቢሆንም አመመኝ።”

“በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣዋለሁ። አሁን አባል ነኝ፣ ድምፅ አለኝ። ቋንቋው ይመለስ እላለሁ።”

“መቼ ነው የሚቀጥለው?”

“በመንፈቅ።”

“እስከዚያ እኔ ብሞትስ?” ሳቀች። የወትሮው ሳቋ አልነበረም።

የምለው ሲጠፋኝ ወረቀቱን አወጣሁ። አባዬ ትናንት አንድ ነገር አለኝ፣ አልገባኝም፣ እስቲ ስሚው አልኳት። እየተደነቃቀፍኩ አነበብኩት። “ድገሚው” አለችኝ። ደገምኩት። ሻሽዋን ወደ አፏ ወሰደች።

“ምን አለ?”

“‘ያቺ ልጃችን ዛሬ ምነው ቀረች? ምሳዋን አስቀምጡላት’ ነው የሚለው።”

“ልጃችን ነው ያለው?”

“ልጃችን።”

ሁለታችንም በሩ ላይ ቆምን። ግቢ አላለችኝም፤ እኔም ሂጂ ሳትለኝ አልሄድኩም። “ምን ልበለው? ትናንትም ዛሬም ይጠይቃል” አልኳት። “ነገ ትመጣለች በይው” አለችኝ። እንዴት እንደሚባል አስተማረችኝ። አልሆንልኝ አለ፤ ደጋግማ አረመችኝ፣ መጨረሻ ላይ አፌን በእጇ ይዛ አስተካከለችው። ትመጣ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለእሱ ማጽናኛ ይሁን፣ የእውነቷን ይሁን፣ ከፊቷ አይነበብም ነበር።

መንገድ ለመንገድ እንዳይጠፋኝ እያልኩት መጣሁ። አባዬ ደጃፍ ነበር። ቁጭ ብዬ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ በቋንቋው አልኩት። ነገ ትመጣለች።

አየኝ። ራሱን ነቀነቀ። አማርኛው ከጠፋው ወዲህ ከአፌ የወጣ ነገር ሲገባው የመጀመሪያው ነው። እጄን ይዞ ብዙ ነገር አወራኝ፤ አንዱም አልገባኝም፤ አዎ፣ አዎ አልኩት።

የእሷን ምሳ ለነገ አስቀምጫለሁ።